ካታናው ወረቀት ይቆርጣል፣ እርጥብ ሰሌን ላይ ግን ግማሽ ገብቶ ይቆማል፤ ይሳል ወይስ ሌላ ይገዛ?

የጣፎ ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ለገጣፎ ዳር ክፍት ቦታ ላይ በትንሽ ቡድን የሰይፍ መቁረጥ ልምምድ (ታሜሺጊሪ) እንሠራለን። ያለን ካታና 1060 ብረት ነው፤ ሙሉ አካሉ እኩል የጠነከረ፣ ስለቱ 72 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 1.2 ኪሎ፣ ጎኑ ላይ ቦይ የሌለው። ወረቀት ይቆርጣል፤ ውሃ የተሞላ ሃይላንድም በደንብ ያልፋል። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ፣ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የተጠቀለለ ሰሌን ላይ ግን ግማሽ ድረስ ገብቶ ቀጥ ይላል። የሚመታው ሰው ቢቀያየርም ያው ነው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ራሳችን ልንስለው ብንፈልግ በምንና እንዴት? ሰፈር ያለ ብረታ ብረት ቤት "በግራይንደር አምስት ደቂቃ አይፈጅም" ብሎናል። ሁለተኛ፣ ለቡድኑ ሌላ ሰይፍ ማዘዝ አስበናል፤ የትኛው ብረትና ቅርጽ ይሻላል? ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር ሁሉ ለታታሚ (ለጃፓን የሳር ምንጣፍ) ነው፤ እኛ ጋ ያለው ሰሌን፣ ቀርከሃና ኮባ ነው።

ሞርሳ
ግራይንደሩን ከአሁኑ እርሳው። የሰይፍ ብረት ከተነከረ በኋላ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደገና ተሞቆ ነው ጥንካሬው የሚስተካከለው። ጫፉ (የስለቱ ጠርዝ) ላይ ብረቱ በጣም የሳሳ ስለሆነ ግራይንደር ሲነካው በሰከንዶች ውስጥ ከዚያ ሙቀት ያልፋል። ሰማያዊ ቀለም ካየህ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ ያ ቦታ ከዚያ በኋላ ስለት አይዝም። ሰውየው "ውሃ እያጠጣሁት ነው" ቢልህም አትስጠው፤ ጎኑን ሸርሽሮ ወጣ ገባ ያደርገዋል፣ እሱ ደግሞ አይመለስም።

ወደ ችግርህ ልምጣ። ወረቀት የሚቆርጥ ሰይፍ ስለቱ አልደነዘም። ሰሌን ውስጥ የሚያስቆመው ከጫፉ ኋላ ያለው የብረቱ ሥጋ፣ ኒኩ የሚባለው ነው፤ ካልሆነም የመቺው እጅ ነው። የትኛው እንደሆነ የተቆረጠው ሰሌን ራሱ ይነግርሃል። የተቆረጠውን ፊት በብርሃን ተመልከተው። ቀጥ ያለ ሜዳ ሆኖ መሀል ላይ ከቆመ ጥፋቱ የብረቱ ነው። እንደ ማንኪያ ጎድጉዶ ከታጠፈ ግን ስለቱ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ ያንን የትኛውም መሳያ አያስተካክለውም።

ብረቱን ለመመርመር አጭር የብረት ማስመሪያ ከጫፉ እስከ ሺኖጊ (ጎኑ ላይ እስካለው የሸንተረር መስመር) አግድም ደግፍበትና ከኋላው አምፖል አብራ። ማስመሪያው መሀሉ ላይ ብቻ ተደግፎ በጫፉም በሸንተረሩም በኩል ብርሃን ካሾለከ ጎኑ ሆድ አውጥቷል። ከዚያ በካሊፐር ከጫፉ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተህ ውፍረቱን ለካ፦ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ለሰሌን ጥሩ ነው፤ 2.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለቀርከሃ እንጂ ለወፍራም ሰሌን አይመችም። ውጤቱን ንገረኝና ስለ አሳሳሉ እንነጋገር።

የአዊ ቀርከሃ
ስለምትቆርጡት ነገር ልጨምር፣ ግማሹ ችግር እዚያ ነውና። የሰሌኑ ዳር በናይለን ክር ተሰፍቶ ከሆነ ሳትጠቀልሉት ቁረጡና አውጡት፤ ናይለን ስለቱ ላይ ይንሸራተትና ይጎትታል። የፕላስቲክ ምንጣፍ ጭራሽ አትሞክሩ፣ ውሃ አይጠጣም። ቤት ውስጥ ተነጥፎ የኖረ ሰሌን አሸዋ ስለሚይዝ ከመንከራችሁ በፊት ተዘርግቶ በደንብ ይታጠብ፤ አንድ ፍሬ አሸዋ ጫፉን ያጎደጉደዋል። ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ በሲባጎ እሰሩ፣ በርሜል ውስጥ ከላይ ድንጋይ ጭናችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ ይንጠፍጠፍ። መሀሉ ደረቅ ሆኖ የቀረ ጥቅልል ልክ አንተ እንደምትለው ግማሽ ላይ ያስቆማል። ወደ ብረቱ ከመሄድህ በፊት አንዱን ፍታና መሀሉን በእጅህ ዳስሰው።

ቀርከሃ ላይ ተጠንቀቁ። የደጋው፣ ከአዊና ከሲዳማ በኩል የሚመጣው፣ ውስጡ ክፍት ነው፤ ይቆረጣል። የቆላው፣ በአሶሳ በኩል ያለው፣ ውስጡ ድፍን ነው፤ ሰይፍ ይሰብራል። ስትገዙ ጫፉን አይታችሁ ነው። አረንጓዴና ትኩስ፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን፤ የምትመቱትም በሁለት አንጓ መካከል ነው። ለወንበር ተብሎ የደረቀውን ለወንበር ተዉት።

ኮባ ለጀማሪ ምርጥ ነው፣ ለስላሳና ውሃ የሞላው። ግን ፈሳሹ ብረቱን ቶሎ ያጠቁረዋል፤ ዙሩ እንዳለቀ ይጠረግ።

የጣፎ ልጅ
ጋሼ ሞርሳ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፊቱ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው። ማስመሪያው በሁለቱም በኩል ብርሃን ያሾልካል፤ በካሊፐር 2.8 ሚሊ ሜትር ወጣ። የጥቅልሉ መሀል እርጥብ ነው። የቢላ መሳያ ድንጋይ፣ ባለ 1000፣ አለን። በሱ ይሆናል?

ሞርሳ
2.8 ብዙ ነው። ፋብሪካው ጠንካራ ነገር ለመምታት ያዘጋጀው ቅርጽ ነው። በቢላ አሳሳል ግን አትሂድበት። ድንጋዩን በ20 ዲግሪ ደግፈህ ብትጎትት ጫፉ ላይ አዲስ ጠባብ ተዳፋት ትፈጥራለህ፤ ወረቀት ላይ ከበፊቱ የባሰ ስል ይሆናል፣ ሰሌን ውስጥ ግን የተዳፋቱ ትከሻ ይነክሳልና እዚያው ትቆማለህ። ሥራህ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሸንተረሩ ግማሽ መንገድ ድረስ ያለውን ሆድ ማሳሳት ነው።

ለዚህ ብርጭቆ ወረቀት (በውሃ የሚሠራው ጥቁሩ) ከድንጋይ ይሻላል። በትንሽ እንጨት ላይ፣ 3 በ6 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ 3 ሚሊ ሜትር ጠንካራ ቆዳ ወይም የጫማ ሶል ጎማ ለጥፍና ወረቀቱን በሱ ላይ ጠቅልል። ጎማው ትንሽ ስለሚሰጥ ጎኑ ጎበጥ እንዳለ ይቀራል። ስፖንጅ አታድርግ፣ ጫፉን ያድቦለቡለዋል።

ሰይፉን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በጨርቅ አስተኝተህ እሰረው፤ ስለቱ ከአንተ ወደ ውጭ ይሁን። ሞርሳ ከተጠቀምክ አፉ ላይ እንጨት አስገባ። ከጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ድረስ በማርከር ቀባው። እንቅስቃሴህ ሁልጊዜ ከጀርባው ወደ ስለቱ ነው፣ በስለቱ ላይ አልፎ ይወጣል፤ ወደ ስለቱ ተቃራኒ ከሄድክ ወረቀቱንም ጣትህንም ትቆርጣለህ። አንድ ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሥራ፣ ጎረቤቱን ክፍል ትንሽ እየነካህ ቀጥል። አምስት ጊዜ ከሳብክ በኋላ ቀለሙን እይ። የሄደው ከጫፉ ራቅ ያለው ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሆዱን እየበላህ ነው። ጫፉ ላይ ፀጉር በምታህል መስመር ብቻ ከሄደ እጅህን በጣም አንስተሃል።

በ320 ቁጥር ወረቀት ጀምር፣ ውፍረቱን እስከ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ አውርደው። ቀርከሃም ስለምትቆርጡ ከ2 በታች አትውረድ፣ ጫፉ ይሸራረፋል። ሁለቱም ጎን እኩል ይሠራ፤ አንዱን ብቻ ካሳሳህ ሰይፉ ቆረጣው ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ከዚያ 400፣ 600፣ 1000፣ 1500። በየደረጃው የበፊቱ ጭረት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ አትለፍ፤ ለማየት እንዲመችህ አቅጣጫውን ትንሽ አዘንብል። ሸንተረሩን አትንካ፣ አንዴ ከደበዘዘ አይመለስም። ኪሳኪውን (የሾሉን ጫፍ) በዚህ ዙር ተወው፣ ሰሌን የምትቆርጠው በሱ አይደለም።

በ1000 ላይ ጫፉ ላይ ወደ ሌላኛው ጎን የታጠፈ ሸካራ የብረት ክር ይወጣል፤ በጥጥ ብትነካው ይይዝሃል። ጎን እየቀያየርክ፣ ኃይልህን እየቀነስክ ስትሄድ ይረግፋል፤ የቀረውን በቆዳ ላይ ጥቂት ጊዜ ሳበው። መጨረሻ ላይ ስለቱን ወደ ላይ አድርገህ አምፖል ስር እየው። ስል ጫፍ ብርሃን አይመልስም፤ ነጭ መስመር ወይም ነጥብ ካብለጨለጨ እዚያ ቦታ ላይ ይቀርሃል። በአውራ ጣት አትፈትን።

1500 ይበቃሃል። ከዚያ በላይ ማሳመር ለሰሌን የሚጨምረው ነገር የለም።

ባለ አፎት
ስለሚገዛው ሰይፍ። ብዙ እጅ የሚይዘው የቡድን ሰይፍ ከሆነ እኩል የጠነከረ 5160 ወይም 9260 እመርጣለሁ። 5160 የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት ብረት ነው፤ 9260 ደግሞ 2 በመቶ ገደማ ሲሊከን አለው። ጀማሪ አጣሞ ቢመታ ይለጠጥና ይመለሳል። በሸክላ ተለብጦ ስለቱ ብቻ የጠነከረው 1095 ወይም ቲ10 ሃሞኑ (በጠንካራውና በለስላሳው ብረት መካከል የሚታየው መስመር) ያምራል፣ ስለቱም ይቆያል፤ ጀርባው ግን ለስላሳ ስለሆነ አንድ የተጣመመ ምት ጎንበስ አድርጎ ያስቀረዋል። የማይዝግ ብረት የተባለውን ረጅም ሰይፍ ለግድግዳ ተዉት፣ ይሰበራል። ኢአይቶም (ያልተሳለ የልምምድ ሰይፍ) የዚንክና የአሉሚኒየም ቅይጥ ስለሆነ ምንም አይቆረጥበትም።

የመጀመሪያው ሰይፋችሁ ለቀርከሃ ይቅር ካላችሁ ሳትነኩት አስቀምጡትና አዲሱን ቀጭን ጎን ያለው፣ ሰፋ ያለ አድርጋችሁ እዘዙ። እኔ ብሆን ይሄን ነበር የማደርገው፤ ሞርሳ ያለው ሥራ ግን ወጪው ወረቀት ብቻ ነው። ቦይ ያለው ሰይፍ ቀላል ነው፣ ሲወነጨፍም ይጮሃል፤ ድምፁ ስለቱ ቀጥ ብሎ መሄዱን ስለሚነግር ለማስተማር ይረዳል፤ ለመጣመም ግን የበለጠ ይጋለጣል።

ሻጩን የጭራውን (እጀታ ውስጥ የሚገባውን ብረት) ፎቶ ጠይቁ፤ ቢያንስ የእጀታውን ሁለት ሦስተኛ መሙላት አለበት። በብየዳ የተቀጠለ ቀጭን ዘንግ ካያችሁ አትግዙ። ሜኩጊው፣ ያ የቀርከሃ ችንካር፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ይታያል፤ ከተፈታ ወይም ከተሰነጠቀ የዚያን ቀን አይቆረጥም። ሰይፉ በሚወነጨፍበት መስመር ፊትም ኋላም ሰው አይቁም፤ ክፍት ሜዳ ላይ ሕፃናት ስለሚሰበሰቡ አንድ ሰው ሥራው እነሱን ማራቅ ብቻ ይሁን። ደግሞ ገንዘብ ሳትልኩ ጉምሩክንና ፖሊስን ጠይቁ፤ ዕቃው ኤርፖርት ደርሶ ከሚቀር አሁን መልሱን ማወቅ ይሻላል።

የጣፎ ልጅ
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ክረምት ላይ ዘይቱ ምን ይሁን? የምግብ ዘይት ነው ስንቀባ የቆየነው።

ሞርሳ
የምግብ ዘይት ይረጋና ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ተጠቀም፣ ስስ አድርገህ፣ ሊፈስ በማይችል መጠን። ሰሌን ከቆረጥክ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ከጀርባው በኩል ይዘህ ጥረግ፣ ሃባኪው (የስለቱ መነሻ ላይ ያለው አንገት) ስር ውሃ እንዳልቀረ እይ፣ ከዚያ ቀባው። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥብ ሰይፍ አፎት ውስጥ ካደረ ጠዋት ቀይ ነጥብ ታገኛለህ፤ እንጨቱ ራሱ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ አፎቱንም አፉን ወደ ታች አድርገህ ለብቻው አድርቀው።