አደይ አበባን ከዘር ግቢ ውስጥ ማብቀል፦ አሁን ልዝራ ወይስ ክረምቱን ልጠብቅ?

የጓሮ ሰው፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ግቢያችን ፊት ለፊት ትንሽ ተዳፋት የሆነ ባዶ መሬት አለ፣ የውጭ ሳር ከማስተክልበት የራሳችንን አደይ አበባ ላለብሰው ፈልጌ ኅዳር ላይ ከሜዳ ዘር ለቅሜ ወረቀት ውስጥ አስቀምጫለሁ። አሁን ጥር ነው፣ ውሃ እያጠጣሁ ልዝራው ወይስ ልጠብቅ? ደሞ አንዳንዱ ዘር ገለባ ይመስላል ደህናውን በምን ልለየው? የሞከራችሁ እባካችሁ።

ደጋ አበባ፦
ጠብቅ ወንድሜ። አደይ በክረምት ዝናብ በቅላ መስከረም ላይ አብባ ዘሯን ጥላ የምትደርቅ የአንድ ዓመት ተክል ናት፣ በበጋ ውሃ እያጠጣህ ብትታገላት ዘርህን ነው የምትጨርሰው። እስከ ሰኔ ደረቅ ቦታ ወረቀት ውስጥ ትቆይ፣ ፌስታል አይሆንም ያሻግታታል። ዘሩን በጥፍርህ ጫን አድርገው፣ ሙሉው ጠቆር ያለና ጠንካራ ነው፣ ባዶው እጥፍ ይላል። ዋናው ግን መሬቱ ነው፣ ሰርዶ ካለ አሁን በበጋው ከነሥሩ ቆፍረህ አውጣው ፀሐይ ያድርቀው፣ ሰርዶ ያለበት ላይ አደይ አታሸንፍም። ሰኔ ላይ አፈሩ በደንብ ሲርስ ላዩን ብቻ ጫር ጫር አድርገህ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለህ በትነው፣ ስስ አፈር ይበቃዋል በጥልቀት እንዳትቀብረው። ተዳፋት ስለሆነ ጭረቱ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ይሁን፣ አለዚያ የመጀመሪያው ዶፍ ዘርህን ጠራርጎ ታች ይሰበስበዋል።

እማማ ጓሮ፦
ልጄ ፍግ እንዳታበዛበት፣ ቅጠል ብቻ ሆና ትረዝምና በዝናቡ ትተኛለች። ስንዝር ስታክል ጫፏን ቁረጥላት፣ ከጎን ቅርንጫፍ ታወጣለች አበባውም ይበዛል። ደሞ ስታርም ተጠንቀቅ፣ የሰይጣን መርፌ የምንለው ልብስ ላይ የሚጣበቀው ዘመዷ ነው፣ በቡቃያነታቸው ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ቅጠላቸው ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚወጣው። ካልለየኸው ትንሽ ከፍ እስኪል ተወው።

ንብ አርቢው፦
እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፣ አበባው ማለቅ ሲጀምር ግቢው አስቀያሚ ሆነ ብለህ ቶሎ እንዳታጭደው። ንቦች ከክረምቱ ወጥተው የሚጠነክሩት በዚህ አበባ ነው፣ ጸረ ተባይም አትርጭበት። የአበባው ቢጫ ቅጠል ረግፎ መሀሉ ጠቁሮ ዘሩ በእጅ ሲታሽ በቀላሉ የሚለቅ ከሆነ በኋላ እጨደው፣ ግማሹን እዚያው አራግፈው፣ በሚቀጥለው ክረምት ራሱ ይበቅላል።

የጓሮ ሰው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ሰርዶውን ከዚህ ሳምንት ጀምሬ አወጣለሁ። ቦታ ቦታ ሳይበቅል ቢቀር ከሌላው ነቅዬ ባዛውርስ ይይዛል?

ደጋ አበባ፦
ገና ትንሽ እያለች ሐምሌ ላይ ዝናብ ባለበት ቀን ወደ ማታ ከነአፈሯ አንሳት፣ ትይዛለች። ካደገች በኋላ ግን አትንካት።