ጊዜ ተጓዦቼ ጭራቁ ፊት ተገትረው ቀሩ

ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ሦስት ጀግኖች በጊዜ ማሽን ተጉዘው የልጆች የክረምት ካምፕ ይደርሳሉ። ሐይቁ ውስጥ ጭራቅ አለ። እስከ 7ኛው ምዕራፍ እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ። አንዲት ልጅ ሌሊት ባትሪ አብርታ፣ ድንኳኗ ሸራ ላይ ያረፈውን እርጥብ መዳፍ ጣቶች ስትቆጥር ስድስት ታገኛለች። ያቺን ገጽ እወዳታለሁ።

ከዚያ ጭራቁ አንድ ልጅ ጠልፎ ይሄዳል። ረቂቁን ያነበበችው የ10 ዓመቷ የእህቴ ልጅ፣ “ለምን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሰው አያስጠነቅቁትም?” አለችኝ። አፌን አስያዘችኝ።

መጀመሪያ ማሽኑን አበላሸሁት። የሰነፍ ሰበብ መሰለ። ቀጥሎ የፊዚክስ ሊቁን የኢጎር ኖቪኮቭን ሐሳብ ሞከርኩ፤ ያለፈው አይለወጥም፣ ተጓዡ የሚያደርገው ሁሉ ድሮም የታሪኩ አካል ነበር የሚለውን። አሪፍ ሐሳብ ነው። ግን እንዲያ ከሆነ ጀግኖቹ ምን ሊሠሩ መጡ? ውጥረቱ እንደ ፊኛ ተነፈሰብኝ።

ማሽኑን ሳልሰብር፣ ትግላቸውንም ከንቱ ሳላደርግ፣ ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክል፣ ለ10 ዓመት ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገባ ምን ሕግ ላስቀምጥ?