በሌሊት ተራ ላደርገው ያሰብኩትን ለምን እረሳለሁ?

ጠያቂ (ነርስ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በውስጥ ደዌ ክፍል ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የሌሊት ተራዬ ሲጋመስ የሐኪሙን ትእዛዝና የመድኃኒቱን መጠን ሳላዛንፍ አስታውሳለሁ፤ ነገር ግን «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የ7 ቁጥር አልጋን የደም ስኳር እለካለሁ» ብዬ ያሰብኩት ትዝ የሚለኝ ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት ሕመምተኛው ሳይጎዳ ቢያልፍም እስካሁን ልቤ አላረፈም። የማስታወስ ችሎታዬ እየደከመ ይሆን?

መልስ (የሥነ ልቦና መምህር)፦
እኅቴ፣ የነገሩን ስንመለከት ሁለቱ አንድ ዓይነት ማስታወስ አይደሉም። ስለ መድኃኒቱ መጠን ሲያስታውሱ ካርዱ ወይም ባልደረባዎ ይጠይቅዎታል፤ ሊያደርጉት ያሰቡትን ግን ማንም ሳይጠይቅዎት፣ በሌላ ሥራ ተጠምደው ሳሉ፣ ራስዎ ማንሣት ይኖርብዎታል። አይንስታይንና ማክዳንኤል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በክስተት የሚታወስንና በሰዓት የሚታወስን ሐሳብ ለይተው ተመልክተዋል። «ሐኪሙ ሲመጣ እነግረዋለሁ» ብለው ከሆነ የሐኪሙ መምጣት ራሱ ያስታውስዎታል፤ «10 ሰዓት ላይ» ያሉት ግን ሰዓቱን እየደጋገሙ መከታተልን ይጠይቃል። የደከመ አእምሮ በቅድሚያ የሚተወው ይህንን ክትትል ይመስለኛል።

መልስ (በሙያው የቆየች ነርስ)፦
የመምህሩን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ሆኖም ድካሙን ብቻ ባንከስ ጥሩ ነው። እኔን ይበልጥ ያስረሳኝ የነበረው መቋረጥ ነው። ልለካ ተነሥቼ የሌላ ሕመምተኛ አስታማሚ ከጠራኝ፣ ስመለስ ወደ ጀመርኩት ሳይሆን ዓይኔ ላይ ወደ ወደቀው ሥራ እሄድ ነበር። ስለዚህ መለኪያውን ይዤ ካልሆነ በቀር ወደ ተጠራሁበት አልሄድም፤ በእጄ ያለው ዕቃ ያስታውሰኛል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰዓቱን ወደ ክስተት መለወጥ ይቻላል ማለት ነው?

መልስ (የሥነ ልቦና መምህር)፦
አዎን። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ያጠናው ዘዴ ይኸው ነው፤ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ሁኔታውንና ድርጊቱን አስቀድሞ ማያያዝ። ለምሳሌ «የ5 ቁጥር አልጋን መርፌ ሰጥቼ ትሪውን ሳስቀምጥ፣ ወዲያው የ7ን ስኳር እለካለሁ» ይበሉ፤ ይህንንም ገና ሳይደክሙ፣ ተራውን ሲረከቡ ይወስኑት። የሚያያዝ ሥራ ከሌለ የስልክ ደወል ይሙሉ፤ ደወሉ ላይ ግን የአልጋውን ቁጥርና የሚሠራውን ይጻፉበት፤ ደክሞት ለነቃ ሰው ባዶ ጩኸት ምን ሊያደርግ እንደነበር አይነግረውምና።