ድራጎን ፍሩት ዳገት ላይ ያዋጣል?

ዳገቱ (ሀዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንዶ ገነት መስመር ግማሽ ሄክታር የምትሆን ዳገት መሬት አለችኝ። ባህር ዛፍ ነበረባት፣ ቆርጬ ሸጥኩት (ጉቶው አሁንም እያቆጠቆጠ ያናድደኛል)። ሰው ሁሉ አቮካዶ ትከል ይለኛል፣ እኔ ግን ልቤ ድራጎን ፍሩት ላይ ነው። ችግኝ የሚሸጠው ሰውዬ "ቁልቋል እኮ ነው፣ ውሃ አይፈልግ፣ በዓመቱ ብር ነው" አለኝ። ዳገቱ ግን ያሰጋኛል። የሞከራችሁ አላችሁ?

ዋልካ የበላው፦
ቁልቋልነቱ እውነት ነው፣ የቀረው የነጋዴ ወሬ ነው። ዳገቱን አትፍራው፣ ይልቅ ተመስገን በል። እኔ ሜዳ ላይ፣ ዋልካ አፈር ላይ ተክዬ በአንድ ክረምት ጉድ ሆኛለሁ። ግንዱ ከታች ቢጫ ሆነ፣ ስነካው እንደ ተቀቀለ ድንች ጣቴ ገባበት። ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። አንተ በድንጋይ እርከን ሥራና በደንብ የተብላላ ፍግ ጨምርበት። ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ በጋ ላይ ውሃ ይፈልጋል፣ ሣር አልብሰው።

ወጪው ያለው ምሰሶው ላይ ነው። ተክሉ ሐረግ ነው፣ ሳይደገፍ አይሆንም። በ3 ሜትር ርቀት ብትተክል ለግማሽ ሄክታር 550 ገደማ ምሰሶ ያስፈልግሃል፣ በእያንዳንዱ ሥር 4 ችግኝ። የባህር ዛፍ ምሰሶ እንዳታስብ፣ ተክሉ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ እንጨቱን ግን ምስጥ ይጨርሰዋል። ኮንክሪት ነው። እሱንም እዚያው ዳገቱ ላይ አፍስሰው፣ አሸዋና ሲሚንቶውን አህያ ያወጣልሃል፣ የተሠራ ምሰሶ ግን ማን ይሸከምልሃል?

የሌሊት ዘበኛ፦
ዝርያውን ጠይቀኸዋል? ውስጡ ቀይ ከሆኑት ብዙዎቹ በራሳቸው የአበባ ብናኝ ፍሬ አይይዙም፣ ሌላ ዝርያ አጠገባቸው ይፈልጋሉ። አበባው ደግሞ የሚፈካው ማታ ነው፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲጠነክር ይጠወልጋል። እኔ ግቢዬ ውስጥ 6 ተክል ይዤ ባትሪ ግንባሬ ላይ አስሬ፣ ብናኙን በቡና ሲኒ ይዤ በብሩሽ ስቀባ አመሻለሁ። ባለቤቴ አበደ ብላለች። 550 ምሰሶ ላይ ይህን ማን ይሠራዋል?

እማማ ጁስ፦
ልጄ፣ ገዢህ ማነው? አቮካዶ ጁስ ቤቱ ሁሉ ይወስድልሃል። ድራጎን ፍሩትን ግን ሰው ገና አያውቀውም። ጥሬውን ለቅመህ ቤት አስቀምጬ አበስለዋለሁ ብትል ደግሞ አይሆንም፣ ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነቱ አይጨምርም። መጀመሪያ ሆቴሎቹን ዞረህ ጠይቅ።

ዳገቱ፦
እማማ፣ እሺ። ነገ ሐይቅ ዳር ያሉትን ሆቴሎች እዞራለሁ። ለጊዜው በ20 ምሰሶ ልጀምር፣ ቀሪው አቮካዶ ይሁን። የሌሊት ዘበኛ፣ ብሩሹ የቀለም ነው የኩል?