የኅዳር 26ቱ ሞዴል አውሮፕላን፦ ስድቡ የቱ ጋ ነው?

የጦሳ ልጅ፦
ከትናንት ጀምሮ ደሜ ፈልቷል። ላልነበራችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበበትን ቀን ለማሰብ ትንሽ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ የሰኞ ገበያ ልጅ በእጁ የሠራውን የጦር አውሮፕላን ሞዴል ይዞ መጣ። ሆከር ፊውሪ የሚባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ነው፣ በ1 ለ24 መጠን። ጅራቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀብቶታል። ከሥሩ «ደሴ፣ 1928፣ ቢኖረን ኖሮ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። አንድ የተከበሩ እንግዳ ማይክ ይዘው «ያልነበረ አውሮፕላን መሥራት አባቶቻችንን መስደብ ነው» አሉ። አዘጋጆቹም ወዲያው ከጠረጴዛው አንሥተው ጥግ አስቀመጡት። ልጁ አንድ ቃል አልወጣውም። መስደብ? የቱ ጋ ነው ስድቡ?

አይጠየፍ፦
እኔም እዚያ ነበርኩ። እንግዳው ልክ ናቸው። «ቢኖረን ኖሮ» ማለት የነበረው አይበቃም ማለት ነው። ጃንሆይ ራሳቸው እዚሁ ደሴ ግቢ ውስጥ ኦርሊኮን የተባለውን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ይዘው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶ አለ። አርበኛው አምስት ዓመት በዱር በገደል ተዋግቷል። እነዚህን ትቶ እንግሊዝ የሠራውን አውሮፕላን ባንዲራ ቀብቶ የኛ ማድረግ ምን ይባላል?

የጦሳ ልጅ፦
«የነበረው አይበቃም» ያልከው አንተ ነህ፤ ልጁ አላለም። ደግሞስ አልበቃማ! ቀይ መስቀል የተዘረጋበት ሆስፒታል ላይ እኮ ነው ቦምብ የወረደው። ከላይ የሚከላከልልን አንድ ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረም። ይህን መናገር አባቶችን አይሰድብም። የሚያሳፍረው የደበደበውንና መሣሪያ የከለከለንን ነው።

ቦርከና፦
የኮምቦልቻ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ። ይሄ ፊውሪ ደሴ ላይ የት ሊያርፍ ነው? ጦሳ ተራራ ላይ? ሜዳው ያለው እኛ ጋ ነው። ኤርፖርቱም የት እንደተሠራ ታውቃላችሁ። ወረቀቱ «ኮምቦልቻ፣ 1928» ተብሎ ይታረም።

ሳላይሽ፦
ጀመሩ ደግሞ! የተደበደበችው ደሴ ናት፣ ቦርከና።

ቦርከና፦
የተደበደበችውማ ደሴ ናት። እኔ የምለው አውሮፕላኑ የሚነሣው ከኛ ነው። ቁልቁል ግማሽ ሰዓት ናት፤ ምን አስጨነቃችሁ?

የድሮ መካኒክ፦
ልጆቼ፣ እኔ ደብረ ዘይት በኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ላይ የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። ጥግ ወደተቀመጠው ሞዴል ሄጄ ልጁን አነጋግሬዋለሁ። ለምን ፊውሪን እንደመረጠ ጠየቅሁት። ያለቀ መልስ ነው የሰጠኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ግላዲያተር የሚባለውን ሌላ የእንግሊዝ ተዋጊ ይመርጥ ነበር። ግላዲያተር ግን የእንግሊዝ አየር ኃይል ራሱ የታጠቀው በፈረንጆቹ 1937 ነው። ደሴ የተደበደበችው በፈረንጆቹ 1935 ስለሆነ አይደርስም። ፊውሪ ከፈረንጆቹ 1931 ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር። በ1933 ፋርስ አዝዛለች። ስለዚህ የልጁ «ቢኖረን ኖሮ» ከሰማይ የወረደ አይደለም። ለፋርስ የተሸጠ ለኛም ሊሸጥ ይችል ነበር።

ሁለተኛው ነገር ሞተሩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ተራ ሞተር ጉልበቱ ይወርዳል። የፊውሪ ኬስትሬል ሞተር ግን አየሩን አምቆ የሚያስገባ ሱፐርቻርጀር አለው። ትልቁን ፍጥነቱን፣ በሰዓት 333 ኪሎ ሜትር፣ የሚያገኘው ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ነው። የነበረን ፖቴዝ 25 ቢበዛ 220 ገደማ ነው የሚሄደው፤ እሱንም ዝቅ ብሎ ሲበር። የጣልያን ቦምብ ጣይ ካፕሮኒ 101 ደግሞ 250 ገደማ። ፖቴዝ ካፕሮኒን አሳድዶ አይደርስበትም። ፊውሪ ይደርስበታል። ልጁ ይህን ሁሉ አስቦ ነው የሠራው። ያንን ነው ጥግ ያደረጉት።

የሆጤዋ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። እንዲህ ያስረዳን ሰው አልነበረም።

አይጠየፍ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ስለ ሞተር ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ግን ሰው የሚያየው 333 ኪሎ ሜትር አይደለም፤ ባንዲራውን ነው። ትናንት ስንት ልጅ በስልኩ ፎቶ አነሣው? ነገ ወረቀቱ ተቆርጦ «የኢትዮጵያ አየር ኃይል በደሴ ሰማይ» ተብሎ ይዞራል። ከዚያ የልጅ ልጆቻችን ተዋጊ አውሮፕላን ነበረን ብለው ያድጋሉ። «ታዲያ ተዋጊ አውሮፕላን ካላችሁ ለምን ተሸነፋችሁ?» ሲባሉ ምን ይመልሳሉ? እንግዳው መስደብ ያሉት ይህን ነው።

የጦሳ ልጅ፦
አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አመጣህ። መጀመሪያ «የነበረው አይበቃም» ማለት ስድብ ነው አልክ። አሁን ስድቡ ፎቶው ነው። እንግዳው ስለ ፎቶ አንድ ቃል አልተናገሩም። «መሥራት» ነው ያሉት። መሥራት መስደብ ነው አሉ።

አይጠየፍ፦
ሁለቱም ነው። የሰው አፍ ውስጥ ገብተህ ቃል አትምረጥ።

ሳላይሽ፦
እኔ ሌላ ነገር ልበል። የራሳችን አውሮፕላን እያለ ለምን የሰው? «ጸሐይ»ን ይሥራ! አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኛ ሰዎች ጋር የሠራት፣ በ1928 የበረረች ናት። ጣልያን ወስዶ ሙዚየም ውስጥ አስቀመጣት። በጥር 2016 ነው የመለሰልን። እሷ የምትነካ እውነት ናት። ማንም ስድብ ነው አይልም።

አይጠየፍ፦
ይኸው! ጨርሰሃል ሳላይሽ።

የድሮ መካኒክ፦
ጸሐይ ትልቅ ነገር ናት፤ እኔም ስትመለስ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ግን ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ቀላል አውሮፕላን ናት። መትረየስ የላትም። ካፕሮኒ ሲመጣ ምን ታድርግ? የልጁ ጥያቄ ሌላ ነው። ያን ቀን ከደሴ በላይ ምን ቢኖር ቦምቡ አይወርድም ነበር? ለዚህ ጥያቄ ጸሐይ መልስ አትሆንም።

የጦሳ ልጅ፦
አብራሪ አልጎደለንም እኮ። ሚሽካ ባቢቼፍ ነበር። አስፋው ዓሊ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ ድረስ መጥቶ አየር ኃይሉን መርቷል። ሲበር የነበረው ግን አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን ነው። በ1927 ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ «ለሁለቱም ወገን አንሸጥም» አሉ። ጣልያን የራሷ ፋብሪካ አላት፤ ምን ጎዳት? የተጎዳነው እኛ ነን። ያ የእንግሊዝ አውሮፕላን በኛ ባንዲራ ሲታይ ለእኔ ኩራት አይደለም። ክስ ነው። ሊሸጡልን ይችሉ ነበር፣ አልሸጡልንም። ይህን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያሳየ ሌላ ሰው አላየሁም።

አይጠየፍ፦
ክስ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ክስ ይጻፍበታ! «አልሸጡልንም» ይበል። «ቢኖረን ኖሮ» ምኞት ነው።

ቦርከና፦
እዚህ ላይ ከአይጠየፍ ጋር ነኝ። ቦታውም ይታረም።

የሆጤዋ፦
እኔ መምህርት ነኝ፤ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ያየነውን ረሳችሁት? ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ ልጆቼን አልጋ ሥር አስገብቻለሁ። ዛሬም በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጡ ተማሪዎች አሉኝ። መታሰቢያ ስናደርግ ስለሞቱት፣ ስለ ሆስፒታሉ፣ በሽተኛ ስላነሡት ሐኪሞች ብናወራ ምን አለበት? ለምን ልጆቻችን ፊት የጦር አውሮፕላን? እንግሊዝ ሠራው፣ ጣልያን ሠራው፣ ለእኔ ያው ነው።

የጦሳ ልጅ፦
እህቴ፣ ሕመሙን አልክድም። እኔም በዚያ ሰሞን እዚሁ ነበርኩ። ግን ልጁ የሠራው የሚደበድበውን አይደለም። ደብዳቢውን የሚያቆመውን ነው። ልዩነት አለው።

የሆጤዋ፦
ለስድስት ዓመት ልጅ ልዩነቱን ማን ያስረዳዋል? አንተ? ሁሉም ተዋጊ አውሮፕላን ሲገዛ «ለመከላከል ነው» ይላል።

ሳላይሽ፦
የሆጤዋ፣ በዚህ ዓይነት የደሴ ሙዚየም ውስጥ ጎራዴም ጠመንጃም አይቀመጥም ማለት ነው። ሙዚየማችን ደግሞ በዚያው ጦርነት ተዘርፏል። የአባቶች ዕቃ የሄደበት ቦታ አንድ ልጅ ከካርቶን የሠራውን ነገር ይዞ ሲመጣ ጥግ አድርጉት እንበል?

የሆጤዋ፦
ጥግ አድርጉት አላልኩም! ቃሌን አታጣምም። ልጁ መታቀፍ አለበት። እኔ ያልኩት የኅዳር 26 ጠረጴዛ መሃል ላይ አይሁን ነው።

አይጠየፍ፦
አይታችኋል? መምህርቷም በጠረጴዛው ላይ አይሁን አለች።

የሆጤዋ፦
ካንተ ጋር አትደምረኝ ወንድሜ። አንተ ስድብ ነው ትላለህ። እኔ ስድብ ነው አላልኩም።

አንድ የፒያሳ ልጅ፦
ክርክሩን ላቋርጥና፣ ልጁ በምንድን ነው የሠራው? ጎማው የቆርኪ ይመስላል። የኔም እጅ በልቶኛል።

የድሮ መካኒክ፦
ጎማው ቆርኪ ነው፣ በጥቁር ቀለም። የአብራሪው መስታወት ከሃይላንድ ጠርሙስ ተቆርጦ ነው። ሰውነቱ ፎም ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ካርቶን አልብሶታል። የሁለቱን ክንፎች መሐል የሚይዙት ቋሚዎች ስቴኪኒ ናቸው። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 38 ሴንቲ ሜትር ነው። የእውነተኛው 9.14 ሜትር ስለሆነ ሒሳቡ ልክ ነው። አንድ ስህተት አለው፤ ነግሬዋለሁ። የፊውሪ የላይኛው ክንፍ ከታችኛው ይረዝማል። እሱ እኩል አድርጓቸዋል። ያስተካክለዋል።

አንድ የፒያሳ ልጅ፦
ክንፎቹን የሚያስሩት ሽቦዎችስ?

የድሮ መካኒክ፦
የዓሣ ማጥመጃ ክር። ከሐይቅ ነው ያመጣው።

ቦርከና፦
ይሄንን ልጅ ኮምቦልቻ አምጡልን። ጠረጴዛ እኛ እንሰጠዋለን። እንግዳም አንጠራም።

የጦሳ ልጅ፦
ሞዴሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በደሴ። ቀጥሎ ፖቴዝ 25ን እና ካፕሮኒን በዚያው መጠን ሊሠራቸው ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ማን ምን እንደነበረው፣ ማን ምን እንደተከለከለ ሕፃንም ይገባዋል። አዘጋጆቹን ሰኞ አነጋግራቸዋለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ይምጣ።

የድሮ መካኒክ፦
እኔ እመጣለሁ።

አይጠየፍ፦
እኔም እመጣለሁ፤ ለመቃወም ነው የምመጣው። «ያልነበረ» የሚለው ቃል በትልቁ፣ ሞዴሉ ላይ ራሱ ካልተጻፈ አልስማማም። ስለ ክርና ስለ ቆርኪ ስታወሩ ጥያቄዬን ዘላችኋታል። ወረቀቱ የተቆረጠ ፎቶ ሲዞር ማን ነው የሚያርመው?

የጦሳ ልጅ፦
ክንፉ ላይ «ያልነበረ» ብሎ ይጻፍ? በደሴ ሰማይ ላይ ቦምብ የጣለው ካፕሮኒ ላይስ ምን እንጻፍ?

አይጠየፍ፦
መልስልኝ እንጂ አትጠይቀኝ።