ጳጉሜ 6ን የማያውቅ የኮድ ላይብረሪ፦ ባለቤቱ ማስተካከያዬን አልቀበልም ካለኝ ምን ላድርግ?

የሳቢያኑ (ጠያቂ)፦
ሰላም ጀመዓ። እዚህ ድሬ ለአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ሲስተም እሠራለሁ። ቀን ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የምንቀይረው በነፃ በሚገኝ የፓይተን ላይብረሪ (ሌላው ሰው ፕሮግራሙ ውስጥ የሚያስገባው ዝግጁ ኮድ) ነው፤ አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ ይንከባከበዋል። ላይብረሪው ለጳጉሜ ሁሌም 5 ቀን ብቻ ስለሚሰጥ፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 የሚያበቃ ብድር ስናስገባ «የሌለ ቀን» ይላል። አስተካክዬ፣ ኮዱንም አብሬ አጸዳድቼ ፑል ሪኩዌስት (ለውጤን ተቀበለኝ የሚል ጥያቄ) ላክሁ። ሰውየው «ፋይሉን በሙሉ ነው የነካኸው፣ አልቀበልም፤ ወደፊት ራሴ እጽፈዋለሁ» ብሎ ጠፋ። ፎርክ አድርጌ (ኮዱን ገልብጬ የራሴን ቅጂ ሠርቼ) ላውጣው?

የመጋላው፦
አቦ ምን ያስጨንቅሃል! የላይብረሪው ፈቃድ ኤምአይቲ (ኮዱን መቀየርና ማሰራጨት የሚፈቅደው) ከሆነ የፈቃዱን ጽሑፍ ሳታወጣ ፎርክ ማድረግ መብትህ ነው። የብድር ሥራ የሰው ትርፍ ሰዓት አይጠብቅም።

ከዚራ፦
መብቱን ማን ከለከለው? ግን ፎርክ ያወጣ ሰው ከነገ ጀምሮ የሌላውን ሁሉ አቤቱታ ይሰማል። በሰውየውም አልፈርድም፤ ጥገናና ጽዳት ተደባልቆ ሲመጣለት ስሌቱን የቀየረው የቱ መስመር እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም ማንበብ አለበት፣ ያውም በነፃ። ደቢያን (በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ሊኑክስ) ውስጥ የፓኬጁ (ተዘጋጅቶ የሚጫነው ፕሮግራም) ባለቤት ያልሆነ ሰው ሲያስተካክል ችግሩን አስመዝግቦ ፓቹን (የተቀየሩትን መስመሮች የያዘውን ፋይል) ያያይዛል፣ ከችግሩ ውጭ ምንም አይነካም፣ የማያስቸኩል ከሆነም 10 ቀን ወረፋ ላይ ያቆየዋል፤ ባለቤቱ ካልተስማማ ያስቆመዋል።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያው ደቢያን ውስጥ የቫልግሪንድን (የማስታወሻ አጠቃቀም ስህተት ፈላጊ ፕሮግራም) ማስጠንቀቂያ ዝም ለማሰኘት ከኦፕንኤስኤስኤል (የምስጠራ ላይብረሪ) ሁለት መስመር ወጣ። ጉዱ የታወቀው በ2008 ነው፤ የምስጠራ ቁልፍ ለሚሠራበት የዘፈቀደ ቁጥር የቀረው ምንጭ የፕሮሰስ ቁጥር (ኮምፒውተሩ ለሚሠራ ፕሮግራም የሚሰጠው መለያ) ብቻ ስለነበር ለአንድ ዓይነት ቁልፍ ከ32,768 በላይ አማራጭ አልነበረም።

የመጋላው፦
ወንድሜ፣ ያ የምስጠራ ኮድ ነው! ይሄ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን ማየት ነው።

ከዚራ፦
ቀላል ከሆነማ ማረጋገጫውን አብሮ ይላክለት። ቀሪው 3 የሆነ ዓመት ጳጉሜው 6 ነው። ሁለት ፈተና ይበቃል፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነው፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2027። ጽዳቱን ለብቻው ላከው፣ ወይ ተወው።

የሐረሯ፦
እነሱ ይከራከሩ፤ አንተ ግን ሰርቨር ላይ የተጫነውን ፋይል በእጅህ እንዳትነካ፣ በሚቀጥለው አፕዴት ይጠፋል። ፓቹን ከራሳችሁ ኮድ ጋር አስቀምጥና ከእሱ የተሠራውን ፓኬጅ ተጠቀሙ። የስሪቱ ቁጥር ላይ የመደመር ምልክትና የማኅበሩን አጭር ስም ጨምርበት፤ ያኔ የተነካካ መሆኑ ለሁሉም ይታያል። ፓይፒአይ (የፓይተን ፓኬጆች የሚወጡበት የሕዝብ ማከማቻ) እንዲህ ያለ ቁጥር ስለማይቀበል በስህተትም ወደ ሕዝብ አይወጣም።

የሳቢያኑ፦
እሺ፣ ጥገናውን ለብቻው ከፈተናዎቹ ጋር ልኬዋለሁ። ሰውየው ኋላ በራሱ መንገድ ቢያስተካክለውስ?

የሐረሯ፦
የእሱን ስሪት ጭነህ ፈተናዎቹን አስኪድ። ካለፉ የእናንተን ፓች አንሳው፣ ፈተናዎቹን ግን አታጥፋ።