ኢንተርኗን (ተለማማጅ ሐኪሟን) አስታማሚ መታት፤ ዛሬ ማታ የዲዩቲ ተረኛ ናት። ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ድሬዳዋ ነኝ፣ ሬዚደንት ሐኪም። ትናንት ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንድ አስታማሚ ኢንተርኗን በጥፊ መታት። "አልጋ የለም" ስላለችው ነው። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ትገባለች፤ ስልክ አታነሳም። ነገ ሞርኒንግ (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ላይ ሁላችን ባለንበት የሆነውን ብትናገር ይቀልላታል ብዬ አስቤያለሁ። ፍጠኑልኝ።

የሳቢያን ልጅ፦ አቦ ለፖሊስ ደውል፣ 991!

አንጋፋው፦ በእኛ ጊዜ ሐኪም ሲገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። ግን ሰውየውንም አስቡት። ከሽንሌ ድረስ ታማሚ ተሸክሞ መጥቶ "አልጋ የለም" ሲባል ምን ይሁን?

ነርስ ከሐረር፦ ጋሼ፣ ጭንቀቱ ይገባናል። የተመታችው ግን እሷ ናት። ጠያቂ፣ እባክህ ሞርኒንግ ላይ አታስቁማት። የደረሰባትን ወዲያው በሰው ፊት እንድትተርክ ማድረግን የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክርም። ማውራት ስትፈልግ ስማት፣ በቃ። እኔ የተመታሁ ቀን ሁሉም "ምን ብለሽው ነው?" አሉኝ። ጥፊው አልፏል፤ ያቺ ጥያቄ ግን እስካሁን አለች። የዛሬውን ዲዩቲ ሰው ይሸፍንላት። መግባት እፈልጋለሁ ካለች ግን ብቻዋን አትተዋት። ሰዓቱንና ያየውን ሰው ዛሬውኑ ጻፍ። ክሱን እሷ ትወስን።

የሳቢያን ልጅ፦ እኮ 991!

የከዚራ ጥላ፦ ስትረጋጋ ከዚራ ዛፍ ስር ሻይ ጋብዛት። ስለ ሆስፒታል ያነሳ ሒሳቡን ይከፍላል።

ላብራቶሪ፦ ቆይ፣ ስትመታ እጇ ላይ ምን ነበር?

ጠያቂ፦ ከታማሚው የቀዳችው ደም። ብልቃጡ ወድቆ ተሰበረ፣ እሷው ለቀመችው። ጠዋት ሳያት አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር ነበር።

ላብራቶሪ፦ ወንድሜ፣ ይሄን ነበር መጀመሪያ የምትጽፈው! ተቆርጣ ከሆነ ቁስሉ በውሃና በሳሙና ይታጠብ። ታማሚው ፈቅዶ ይመርመር። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ግን 72 ሰዓት አለን ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። 28 ቀን ይወሰዳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መጨረሷንም ጠይቃት። ደንግጣ ረስታው ይሆናል። ሐኪም ራሱን ሲያክም እንዲህ ነው፣ ፕላስተር ለጥፎ ዝም።

ጠያቂ፦ አሁን እህቷ ስልኩን አነሳች። ቤት ናት፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ባጃጅ ይዤ እየሄድኩ ነው።

ነርስ ከሐረር፦ ደረስክ? ጣቷስ?